ቤት የተሠራ ሊፕስቲክ ለምን ይበላሻል? ችግርና መፍትሄው ለድሬና ለሐረር

ቤት ውስጥ ሊፕስቲክ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ወይ ውሃ ያስገባል፣ ወይ ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈ መጠን እንዳለ ይከተላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ሐረር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሊፕስቲክ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ አንገቱን ቢደፋ የሠሪው ጥፋት አይደለም፤ መጠኑ ለድሬ አልታሰበም እንጂ።

ስለዚህ መነሻችን ሁለት መጠን ነው፤ ሁለቱም 20 ግራም ይሆናሉ፣ አራት ወይም አምስት የሊፕስቲክ ቀፎ ይሞላሉ።

ለሐረር፦ ንጹሕ የንብ ሰም 5 ግራም፣ የጉሎ ዘይት 8 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 4 ግራም፣ ቀለም 3 ግራም (የትኛው ቀለም እንደሚሆን ከታች አለ)።

ለድሬ፦ ሰም 7 ግራም፣ የጉሎ ዘይት 8 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 2 ግራም፣ ቀለም 3 ግራም።

ትንሽ ሚዛን ከሌላችሁ መርፌው የወለቀ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። 8 ግራም የጉሎ ዘይት 8.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የቀለጠ ሰም ግን ከጉሎ ዘይት ይቀላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) የቀለጠ ሰም 4 ግራም ገደማ ነው። የተፋቀ ደረቅ ሰም በማንኪያ መስፈር ግን መጠኑን ያዛባል፤ በመሃሉ አየር አለ። የጉሎ ዘይቱ ከፋርማሲ የሚሸጠው ወፍራሙ ይሁን። በየአጥሩ ሥር የበቀለውን የጉሎ ፍሬ ቤት ውስጥ ጨምቆ ዘይት ማውጣት አይሞከርም፤ ፍሬው ራይሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለው።

አቀላለጡ በእንፋሎት ነው፦ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ በላዩ ኩባያ አስቀምጡ። ውሃ ድሬ ላይ 96፣ ሐረር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሰም ደግሞ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ይቀልጣልና ይበቃዋል። በቀጥታ ከሰል ላይ የተጣደ ሰም ሊቀጣጠል ይችላል። ከተቀጣጠለ ክዳን ይደፋበታል እንጂ ውሃ አይደፋበትም። ኩባያው ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሁን፤ ተራ ብረትና መዳብ ሰሙን ያጠቁሩታል።

«ጠዋት ደህና ነበር፣ ቀትር ላይ ጎበጠ»

ድሬ ላይ ዋናው ስሞታ ይሄ ነው። መጀመሪያ የኮኮናት ዘይቱን ጠርጥሩ። ይህ ዘይት ከ24 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ ሐረር ላይ ጠዋት እንደ ቅቤ የረጋው ድሬ ላይ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ሆኖ ይውላል። ማለትም ድሬ ላይ ኮኮናት የምታክሉት እንደ ማጠንከሪያ ሳይሆን እንደ ማለስለሻ ነው። 2 ግራሙን እንኳ አውጥታችሁ በካካዎ ቅቤ ብትተኩት ይሻላል፤ እሱ ከ34 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው።

ኮኮናቱ ትንሽ ሆኖም ከጎበጠ ሰሙን መርምሩ። ገበያ ላይ የሚገኘው ሰም ሞራ ወይም የሻማ ሰም የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ሰም ቀዝቀዝ ብሎ ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛና ፍርፍር ያለ ነው፣ የማር ሽታ አለው። ሞራ ያለበት እጅ ላይ ቅባት ይተዋል፣ ሲሞቅም የስብ ሽታው ይወጣል። የሻማ ሰም ደግሞ ነጣ ብሎ ብርሃን ያሳልፋል፣ ያንሸራትታል። ከሰፈፍ ራሳችሁ ብታወጡ አስተማማኝ ነው፦ ሰፈፉን ውሃ ውስጥ አቅልጡ፣ በሻሽ አጥልሉ፣ ሲረጋ ከላይ የተንሳፈፈውን አንስታችሁ ከሥሩ የተለጠፈውን ዝቃጭ በቢላ ፋቁ። ከዚያ ያለ ውሃ በእንፋሎት ደግማችሁ አቅልጡት፤ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆምና ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ አይወርድም። አረፋው የቀረው ውሃ ነው።

ቀድሞ የተበላሸውን አትጣሉት። ለ20 ግራም 1 ግራም ሰም ጨምራችሁ አቅልጡና ማንኪያ ላይ አንድ ጠብታ አርጉ። የረጋው ጠብታ የሚፈተነው ግን ፍሪጅ ውስጥ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ነው። በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ካለ ሌላ 1 ግራም። ከ9 ግራም ሰም በላይ ግን አትለፉ፤ ከንፈር ላይ እየጎተተ አይቀባም። ያም ሆኖ ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ተረስቶ ቅርጹን የሚጠብቅ የቤት ሊፕስቲክ የለም።

«ያልበዋል»

ላይ ላዩ የወጡትን ጠብታዎች በሶፍት ጠርጉና ሶፍቱን ትንሽ አቆዩት። ከደረቀና ምልክት ካልተወ ውሃ ነው፤ ከፍሪጅ ወደ ሞቃት ክፍል ስታወጡት አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ተለጥፎበታል። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ በታሰረ ፌስታል አድርጉት፣ ስታወጡም ከክፍሉ ጋር እስኪመጣጠን ፌስታሉን አትክፈቱ።

ሶፍቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅባት ከቀረ ዘይት ነው። ሰሙ ዘይቱን ይዞ መቆየት አቅቶታል ማለት ነው፤ ወይ ዘይቱ በዝቷል፣ ወይ ሲፈስ ቀዝቅዞ ስለነበር ሰምና ዘይት በደንብ አልተያያዙም። በድጋሚ አቅልጡት፣ ዘይት አትጨምሩ፣ ሙሉ በሙሉ ከጠራ በኋላ አምስት ደቂቃ እያማሰላችሁ አቆዩትና ጠርዙ ላይ ስስ ቆዳ ከመያዙ በፊት ገልብጡት።

«አሸዋ አሸዋ ይላል»

ፍሬውን በሁለት ጣት አሹት። በጣት ሙቀት ከጠፋ የስብ ፍሬ ነው፣ የካካዎ ቅቤ ወይም ሺያ ቅቤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚሠራው። አቅልጡትና ቶሎ አቀዝቅዙት፦ ፎርማው (ቅርጽ ማውጫው) ላይ ከፈሰሰ በኋላ 10 ደቂቃ ፍሪዘር።

ካልጠፋ ቀለሙ ነው። ደረቅ ዱቄት የቀለጠ ሰም ላይ መበተን እንደ ገንፎ ጓል ይሠራል፣ የቱንም ያህል ብታማስሉት አይፈታም። ቀለሙ ሁልጊዜ ቀድሞ በጉሎ ዘይት ይለወሳል፦ 3 ግራም ቀለም ከ6 ግራም የጉሎ ዘይት ጋር በትንሽ ሙቀጫ ወይም ጠፍጣፋ ሳህን ላይ በማንኪያ ጀርባ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ። (6 ግራሙ ከ8ቱ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ዘይቱን እጥፍ ያደርገዋል።) ጉሎ የተመረጠው ወፍራምነቱ የቀለሙን ቅንጣት ከቅንጣት አለያይቶ ስለሚይዝ ነው፤ የኑግ ዘይት ይህን አይችልም፣ ቶሎም ይበላሻል። ልውሱ በንጹሕ ስቶኪንግ ቢጨመቅ ደግሞ ልዩነቱን ከንፈር ያውቀዋል።

«ቀይ ሥር አገባሁበት፣ ግን ቀለም የለውም»

አይኖረውምም። የቀይ ሥር ቀለም ውሃ ውስጥ እንጂ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ሙቀትም ያጠፋዋል። ጭማቂው ከሰሙ ሥር ጠብ ጠብ ብሎ ለብቻው ይቀራል፤ ደርቆ የተፈጨውም ሐመር ሮዝና ብዙ ፍርፋሪ ብቻ ይሰጣል። ከርከዴም ያው ነው፤ እሱማ ቤኪንግ ሶዳ የነካው እንደሆነ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የኬክ ፈሳሽ ቀለም እንዲሁ።

እነዚህን መጠቀም ከፈለጋችሁ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። የቀይ ሥር ጭማቂ ወይም ወፈር ብሎ የፈላ ከርከዴ በጥጥ ከንፈር ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ቀለም የሌለውን የሰም ቅባት ደርቡበት። ጭማቂው የዕለቱ ይሁን። ከርከዴ ኮምጣጣ ስለሆነ የተሰነጠቀ ከንፈርን ያቃጥላል።

ዘይት ውስጥ ቀለሙን የሚለቅ የጓዳ ነገር እርድ ነው፤ ለብቻው ቢጫ ነው፣ ግን ቀይን ወደ ብርቱካናማ ይወስዳል፣ የጥፍር ጫፍ ያህል ይበቃል። ካካዎ ባይሟሟም በደንብ ከተለወሰ ጥሩ ቡና ዓይነት ይወጣዋል። ለእውነተኛ ቀይ ያለ ጭንቀት የሚሠራው ዘዴ ቀፎ ሥር የቀረ፣ ሽታው ያልተለወጠ የሊፕስቲክ ቁራጭ ነው፦ ከ20 ግራሙ 5 ግራም ቁራጭ ስስ ቀለም፣ 10 ግራም ደማቅ ቀለም ይሰጣል። ቁራጩ የራሱ ሰም ስላለው ደረቅ ቀለሙን ተዉት፣ የቀረውን ሰምና ዘይት በዚያው ልክ ቀንሱ። ለመዋቢያ የተሠራ የብረት ኦክሳይድ ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው፣ ሲሚንቶ ወለል የሚቀላበት ቀይ ኦክሳይድ ግን ለአፍ አይሆንም፤ ከባድ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ።

ሁለቱም ከተማ ላይ «ሂና ብናደርግበትስ?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። ሂና የሚቀላው በውሃ ሲቦካና ቆዳ ላይ ሲቆይ ነው፤ ዘይት ውስጥ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። «ጥቁር ሂና» የሚባለውማ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላልና ከንፈር አጠገብ አይድረስ። የዓይን ኩልም እንዲሁ፤ ብዙው ኩል እርሳስ ያለበት ድንጋይ ነው፣ የከንፈር ቀለም ደግሞ ይዋጣል። የልጆች ክሬዮንም ለከንፈር አልተሠራም።

«ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል»

ወዲያው በዘይት ጠርጉት፣ እስኪሽር ምንም አትቀቡ። ተጠርጣሪዎቹ ቀረፋና ቅርንፉድ ናቸው፤ ከንፈር ሞላ ያደርጋሉ እየተባለ ይጨመራሉ፣ የሚሞላው ግን ስለተቆጣ ነው። በርበሬ ላይ መነጋገር አያስፈልግም። የሎሚ ልጣጭ ዘይት ደግሞ ሲቀቡት ላይሰማ ይችላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ነው ቆዳውን የሚያቃጥለውና የሚያጠቁረው፤ የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። አዲስ የሠራችሁትን ክርናችሁ እጥፋት ላይ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ።

«ስቀባ ተሰበረ»

ሰም በዝቷል፣ አለዚያ በሁለት ጊዜ ፈስሷል። የመጀመሪያው ከረጋ በኋላ የተጨመረው አይያያዝም፣ ስብራቱ ለስላሳና ቀጥ ያለ ከሆነ ከዚያው መስመር ላይ ነው የለቀቀው። አንዴ አፍሱ፤ ፎርማው ሐረር ላይ ሞቅ ይበል፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ያየ ይበቃዋል። ስብራቱ ቀዳዳ ካለው አየር ነው፣ ገና ሳይረጋ ፎርማውን ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ አድርጉት። ሲቀዘቅዝ መሃሉ ቢሰረጉድ ሰም ሲረጋ ስለሚሸሽ ነው፤ ፎርማውን ከአፉ ትንሽ አትርፋችሁ ሙሉትና የተረፈውን በቢላ ቁረጡ።

«ነጭ ነገር ወጣበት» ወይም «ሸተተ»

ደረቅ፣ እንደ ዱቄት ስስ የሆነና በጣት ሙቀት የሚጠፋ ነጭ ነገር የሰሙ ጠባይ ነው፣ በሞቀ ጨርቅ ይጠረጋል። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ግን ሻጋታ ነው፤ ውሃ፣ ጭማቂ ወይም ማር ገብቶበታል። ማር ከዘይት ጋር አይዋሃድም፣ እርጥበትም ይስባል። የሻገተ ሊፕስቲክ ላይ ላዩን ፍቆ መጠቀም አይቻልም፣ ይጣል።

ሻጋታ ሳይኖረው የከረመ ዘይት ሽታ ካመጣ ዘይቱ አርጅቷል። አንድ የቫይታሚን ኢ ካፕሱል ሰሙ ከወረደ በኋላ ብታፈሱበት ይህን ያዘገያል፤ ሻጋታን ግን አይከላከልም። ቀፎው በ70 በመቶ አልኮል ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ድሬ ላይ ከሦስት ወር፣ ሐረር ላይ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ አትሥሩ፤ 20 ግራም ያልነውም ለዚሁ ነው።

«ከፎርማው አልወጣም»

10 ደቂቃ ፍሪዘር ይግባ፤ ሰሙ ሲኮማተር ራሱ ይለቃል። ፎርማው ስትሮ ከሆነ በምላጭ ከጎኑ በስሱ ሰንጥቃችሁ ላጡት። ጣታችሁ እንዳያቀልጠው በሶፍት ይዛችሁ፣ ቀፎው ሥር አንድ ጠብታ የቀለጠ ሰም አድርጋችሁ ሳይረጋ ትከሉት።