ኢጂፒዩዬ አልታይ ብሎኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ኢጂፒዩ፣ ማለትም የውጭ ግራፊክስ ካርድ ሳጥን፣ ላፕቶፔ ላይ ልሰካ ብዬ ሁለት ቀን ታገልኩ፣ ፋኑ ይዞራል ላፕቶፑ ግን ወይ ፍንክች። ድራይቨሩን (ካርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ስንት ጊዜ አጥፍቼ እንደጫንኩት አትጠይቁኝ። ለካ ጉዱ ገመዱ ነው! አፉ ታይፕ ሲ ስለሆነ ያው መስሎኝ የስልክ ቻርጀር ገመድ ነበር የሰካሁት፤ ሳጥኑ የሚፈልገው ግን ተንደርቦልት 3 ነው፣ በሰከንድ እስከ 40 ጊጋቢት የሚያሳልፈው፣ ጫፉ ላይ የመብረቅ ምልክት ያለበት። ጓደኛዬ ከባህር ዳር በሚኒባስ ላከልኝና ስሰካው ላፕቶፑ ሳጥኑን ወዲያው አየው፣ ከዛ ደግሞ "ኮድ 12" የሚል ኤረር... እሱ ላፕቶፑ ለካርዱ የሚበቃ ነፃ ሪሶርስ ሲያጣ ነው የሚመጣው፣ ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ገብቼ የላፕቶፑን የራሱን ኤንቪዲያ ካርድ ዲስኤብል አድርጌ ሪስታርት ሳደርገው ሰራ። ሞኒተር ካላችሁ ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካርድ ላይ ሰኩት፣ በላፕቶፑ ስክሪን ከሆነ ምስሉ በዛው ገመድ ስለሚመለስ ፍጥነቱ ይቀንሳል።