ጀርመንኛን በዩኒቨርሲቲ ሜጀር ወይም ማይነር አድርጎ እንዴት መማር ይቻላል

ጀርመንኛ የመረጠ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቋንቋ ኮርስ ናቸው፤ መማሪያ መጽሐፍ አለ፣ መልመጃ አለ፣ መልሱም ትክክል ወይም ስህተት ነው። ከዚያ አንድ ሲሚስተር ላይ በድንገት ሙሉ ልቦለድ አንብባችሁ በጀርመንኛ እንድትከራከሩ ትጠየቃላችሁ። በአውሮፓው የቋንቋ ደረጃ ከቢ1 (መካከለኛ) ወደ ሲ1 (ከፍተኛ) የሚያሻግር ኮርስ በመካከሉ የማያስቀምጡ ትምህርት ክፍሎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ድልድዩን የምትሠሩት እናንተው ናችሁ፤ ሥራውም የሚጀመረው ገና ሳትመዘገቡ ነው።

1. ካሪኩለሙን ከማመልከታችሁ በፊት አንብቡ

በጀርመንኛ ስም የሚሰጠው ትምህርት አንድ ዓይነት አይደለም። ገርማኒስቲክ የሚባለው በተለምዶ ሦስት ዘርፍ አለው፦ የቋንቋ ሳይንስ፣ የዘመናዊው ጊዜ ሥነ ጽሑፍ እና የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ። በሦስተኛው ዘርፍ ከ1050 እስከ 1350 እ.ኤ.አ. ገደማ ይጻፍበት የነበረውን የቆየ ጀርመንኛ ማንበብ ይጠበቅባችኋል፤ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ከተመዘገቡ በኋላ ነው። ዳፍ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ደግሞ ጀርመንኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የማስተማር ሙያ ነው። የጀርመን ጥናት የሚባሉት ፕሮግራሞች ታሪክ፣ ፖለቲካና ፊልም ይቀላቅላሉ፤ አንዳንድ ኮርሶቻቸውም በጀርመንኛ አይሰጡም። መምህር ወይም አስተርጓሚ መሆን የሚፈልግ ሰው የኮርሶቹን ዝርዝር ሳያይ በስሙ ብቻ ቢመርጥ ዓመት ያባክናል።

ቀጥሎ ክሬዲቱን ቁጠሩ። በአውሮፓው ሥርዓት የሦስት ዓመት ባችለር 180 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። ማይነር፣ ማለትም ከዋናው ትምህርት (ከሜጀሩ) ጎን የሚያዘው ንዑስ ትምህርት፣ ብዙ ጊዜ 60 ወይም 30 ይይዛል። በአሜሪካው ዓይነት ሥርዓት ሜጀር 30 ገደማ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ፣ ማይነር ደግሞ ከ15 እስከ 21 ክሬዲት አወር ቢሆን የተለመደ ነው። ለአማካሪያችሁ የምታቀርቡት ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ይሁን፦ የጀማሪ ቋንቋ ኮርሶች ለሜጀሩ ይቆጠራሉ ወይ? በብዙ ቦታ አይቆጠሩም። ይህ ከሆነ ከዜሮ የሚጀምር ተማሪ አንድ ዓመት ያህል ተጨማሪ ኮርስ ይጠብቀዋል። በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ የሚሰጡ ግዴታ ኮርሶች መኖራቸውንም ጠይቁ፤ ምረቃ የሚያዘገዩት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ከዜሮ ተነስቶ በማይነር ብቻ የሚደረሰው ቢ1 አካባቢ ነው። ለታሪክ፣ ለፍልስፍና፣ ለሙዚቃ ወይም ለምህንድስና ተማሪ ይህ ጥሩ አቅም ይሆነዋል፤ በቋንቋው ብቻ ሥራ ለመያዝ ግን አይበቃም።

2. የምደባ ፈተናውን ሳትሸመድዱ ተፈተኑ

የምደባ ፈተና ዋዜማ ላይ ሰዋስው አጥንቶ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ መግባት ያጓጓል። ፈተናው በአብዛኛው ምርጫ ስለሆነ ይሳካም ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ግን መናገርና መስማት ይጠበቃል። በሁለት ደረጃ መካከል ከወደቃችሁ ዝቅተኛውን ያዙ።

3. ከክፍል ውጭ ያለውን ሰዓት መድቡ

የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም ጀርመንኛ ለሚማር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከ800 በላይ የክፍል ሰዓት ይመድባል። በሳምንት 5 ሰዓት፣ በ14 ሳምንት 70 ሰዓት ነው፤ አራት ሲሚስተር 280 ይሆናል። ሲሶው ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን በየቀኑ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል እየሠራችሁ ካልሞላችሁት ማንም አይሞላላችሁም።

በመጀመሪያው ዓመት ስምን ለብቻው አትያዙ፤ ከነመስተአምሩ (ፆታውን ከሚያሳየው «ዴር»፣ «ዲ» ወይም «ዳስ») እና ከነብዙ ቁጥሩ ያዙት፦ «ዴር ቲሽ፣ ዲ ቲሸ»። አንዳንድ የቃል መጨረሻዎች ሥራ ያቀላሉ፦ በ«ኡንግ»፣ በ«ሃይት»፣ በ«ካይት» እና በ«ሻፍት» የሚያልቁ ስሞች አንስታይ ናቸው፤ በ«ኸን» እና በ«ላይን» አሳንሰው የሚጠሩት ደግሞ ግዑዝ ፆታ ይይዛሉ።

ከዚያ ብዙ ተማሪ የሚያምታታው ቦታ ይመጣል። «ኢኽ ጌሄ ኢን ዲ ቢብሊዮቴክ» ማለት ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ ነው፤ «ኢኽ ሌርነ ኢን ዴር ቢብሊዮቴክ» ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠናለሁ። «ኢን» በሁለቱም አለ፤ እንቅስቃሴን ከመገኛ የሚለየው መስተአምሩ ነው። ጀማሪው «ዴር»ን ሲያይ ቃሉ ተባዕታይ የሆነ ይመስለዋል፤ እዚህ ላይ ግን የአንስታይ ስም መገኛ መልክ ነው። እንዲህ የሚሠሩ መስተዋድዶች ዘጠኝ ናቸው፦ አን፣ አውፍ፣ ሂንተር፣ ኢን፣ ኔበን፣ ዩበር፣ ኡንተር፣ ፎር፣ ትስቪሸን። እያንዳንዱን በአንድ የመሄድና በአንድ የመቀመጥ ዓረፍተ ነገር አጥኑት። ሠንጠረዡን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ሲናገር ይጠፋበታል።

የቃላት ቅደም ተከተል ላይ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ብልጫ አለው። «ኢኽ ግላውበ፣ ዳስ ኤር ሆይተ ኒኽት ኮምት» ሲባል የጥገኛው ሐረግ ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚያስቸግረን ጥያቄ ወይም ትእዛዝ ያልሆነው ዋናው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እዚያ ግሱ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው። ጊዜውን ፊት ካመጣችሁ ባለቤቱ ከግሱ ኋላ ይሄዳል፦ «ሆይተ ኮምት ኤር ኒኽት»። «ሆይተ ኤር ኮምት» ማለት ሦስተኛ ዓመት ድረስ የሚከተል ስህተት ነውና ገና ከጅምሩ አርሙት።

4. ድልድዩን ከሦስተኛው ሲሚስተር ጀምራችሁ ሥሩ

ማንበብ እስክትችሉ አትጠብቁ፤ እያነበባችሁ ቻሉ። ከ1945 እ.ኤ.አ. በኋላ ከተጻፉት አጫጭር ልቦለዶች ብዙዎቹ ከሁለት እስከ አራት ገጽ ብቻ የሚረዝሙና ዓረፍተ ነገራቸው አጭር የሆነ ስለሆኑ ለመጀመሪያ ይመቻሉ። ለጆሮ ደግሞ ዶይቸ ቬለ በዝግታ የሚነበብ ዜና ከነጽሑፉ በነፃ ያቀርባል።

አንድ ጽሑፍ ስትይዙ መጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት ጨርሱት፤ የተረባውን ግስ ብቻ እያሰመራችሁ ሂዱ። በሁለተኛው ንባብ በአንድ ገጽ ከ10 ያልበለጡ ቃላት ፈልጉ። በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግታችሁ ታሪኩን በሁለት ደቂቃ በጀርመንኛ አውሩት። ሁሉንም ቃል የሚፈልግ አንባቢ አምስተኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል፤ ድካሙም ስንፍና ይመስለዋል። ከቢ1 በኋላ እንደ ዱደን ወይም ዴ ቬ ዴ ኤስ ባለ ጀርመንኛን በጀርመንኛ በሚፈታ መዝገበ ቃላት መጠቀም ልመዱ፤ ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ።

ሦስት ነገሮች በቋንቋ ኮርስ ችላ ተብለው ሴሚናር ላይ ይፈተናሉ። አንደኛው በጽሑፍ የሚዘወተረው ያለፈ ጊዜ ነው፤ ተደጋግመው የሚመጡትን 60 ያህል ያልተለመደ እርባታ ያላቸው ግሶች በቃል ያዙ። ሁለተኛው የሰውን ንግግር ለማስተላለፍ የሚያገለግለው ኮንዩንክቲፍ አንድ ነው። «ኤር ዛይ ክራንክ» ሲል ጸሐፊው ታሟል እያለ አይደለም፤ ታምሜያለሁ ብሏል ማለቱ ነው። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ የሌላውን ሰው አቋም የጸሐፊው አድርጎ ይተነትናል፤ ጽሑፉም በዚያው ይወድቅበታል።

ሦስተኛው በመስተአምርና በስም መካከል የሚገባ ረጅም ሐረግ ነው፦ «ዲ ኢም ያር 1949 ገግሩንደተ ሬፑብሊክ»። መስተአምሩን ያዙ፣ ወደ ስሙ ዝለሉ፣ ከዚያ መሃሉን አንብቡ። በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተችው ሪፐብሊክ ስንል የእኛም ቅደም ተከተል ያው ስለሆነ ነገሩ ከሚያስፈራው በላይ ይቀላል።

5. የሴሚናር ወረቀቱን በጀርመንኛ አስቡ

የሴሚናር ወረቀት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ገጽ ነው። ርዕሱን አጥብቡ፦ «ተፈጥሮ በሮማንቲክ ዘመን» ለመጽሐፍ የሚበቃ ርዕስ ነው፤ በአንድ ግጥም ውስጥ የሌሊት ሥዕል ግን በ12 ገጽ ይያዛል። መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለመምህሩ አሳዩ። ረቂቁ ቢሻክርም በጀርመንኛ ይሁን። በአማርኛ ጽፎ በማሽን ማስተርጎም የቃል ፈተና ላይ ልትከላከሉት የማትችሉትን ጽሑፍ ያስረክባችኋል፤ ደንቡን መጣሱ ሳይቆጠር።

6. የውጭ ሲሚስተርና የደረጃ ፈተና

ጀርመን ውስጥ በአብዛኛው የክረምቱ ሲሚስተር ከጥቅምት (ኦክቶበር) እስከ ማርች፣ የበጋው ደግሞ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ነው። ዝግጅቱን ከዓመት በፊት ጀምሩ። የምትወስዷቸው ኮርሶች ስንት ክሬዲት እንደሚቆጠሩ ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ፤ የቃል ተስፋ ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም። ዲኤኤዲ የሚባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም በእረፍት ወራት ለሚሰጡ አጫጭር ኮርሶች ስኮላርሺፕ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ቢ1 ላይ ያለ ተማሪ ስዊዘርላንድን ባይመርጥ ይሻለዋል፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መንገድ ላይ የሚሰማው ከተማረው ጀርመንኛ በጣም የራቀ ነው።

ዲግሪው ደረጃችሁን አይናገርምና ሲ1 ላይ ስትደርሱ ፈተና ውሰዱ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠል በተለምዶ የሚጠየቀው ቴስትዳፍ በሚባለው የጀርመንኛ ፈተና በአራቱም ክፍል 4 ወይም ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ በሚሰጡት በዴ ኤስ ሃ ፈተና ደረጃ 2 ነው። የጎተ ኢንስቲትዩት ሲ1 ፈተና በየክፍሉ ቢያንስ 60 ከመቶ ይጠይቃል። ምስክር ወረቀት ካረጀ የማይቀበሉ ተቋማት ስላሉ ሁለተኛ ዓመት ላይ አትቸኩሉ፤ ከውጭ ሲሚስተር እንደተመለሳችሁ፣ ጆሯችሁ ሳይቀዘቅዝ ተፈተኑ።