ጎርፍ ሲመጣ የወንዙ ውሃ ለምን ይቀየራል? ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ወንዝ ሲደፈርስ ሁሉም ጎርፉን ይወቅሳል። ጎርፉ ግን ተሸካሚ ነው። የተሸከመው ነገር መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው የነበረ ነው። ስለዚህ የውሃ ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ግራ ሲገባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ይህ ውሃ ወንዙ ጋ የደረሰው በየት በኩል ነው?

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ውሃ መሬት ላይ ይሮጣል፤ አፈሩንና ፍጉን ጠራርጎ ይመጣል። ሁለተኛው በአፈሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሰዓታት ወይም ቀናት ይፈጅበታል፣ የሚሟሟውን ነገር አጥቦ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከዓለት ጋር ለወራት፣ አንዳንዴም ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ ማዕድን ይበዛዋል። ዝናብ በሌለበት ወቅት ወንዙን የሚያኖረው ይሄኛው ነው። ጎርፍ ሲመጣ የሦስቱ ድርሻ ይቀያየራል። ኬሚስትሪውም አብሮ ይቀየራል።

ምልክት፦ ውሃው ቡናማ ሆኗል፣ ፎስፈረሱም አብሮ ጨምሯል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እርቃኑን የቀረ መሬት ነው። ገና የታረሰ ማሳ፣ ከብት የበዛበት ተዳፋት፣ የግንባታ ቦታ፣ ጥርጊያ መንገድ። ፎስፈረስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለ የሰብል ምግብ ነው፤ እንደ ናይትሬት (ሌላው የሰብል ምግብ፣ የናይትሮጅን ውህድ) በቀላሉ ሟሙቶ አይሄድም። ከሸክላማ አፈርና ከብረት ኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። አፈሩ ሲነሳ እሱም ይነሳል።

አንድ ነገር ሞክሩ። የጎርፍ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ታች ይዘቅጣል። ደቃቁ ደለል ሰዓታት ይፈጅበታል። ሸክላውስ? በማግስቱ ጠዋት ስታዩትም ውሃው እንደደበዘዘ ነው። ብዙውን ፎስፈረስ የያዘችው ያቺ አልወርድ ያለችው ድፍርስ ናት። አነስተኛ የደለል ማጠራቀሚያ ኩሬ ቆፍረው «ደለሉን ያዝነው፣ ፎስፈረሱ ግን አልቀነሰም» የሚሉ ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ኩሬው የያዘው አሸዋውን ነው።

ምንጩ የት እንዳለ ለማወቅ ሰዓቱን ተመልከቱ። ድፍርሱ ጣሪያ የሚነካው ጎርፉ ሙሉ ከመሆኑ በፊት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ቅርብ ነው፦ የወንዙ ዳር፣ የወንዙ ወለል ወይም አጠገቡ ያለ መንገድ። ጎርፉ መቀነስ ከጀመረ በኋላ ከሆነ ራቅ ያለውን ተዳፋት ጠርጥሩ።

መፍትሄው አፈሩ ከቦታው እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ማሳውን በሽፋን ሰብል ወይም በገለባ መሸፈን፣ ተዳፋቱን አግድም ማረስ፣ እርከን መሥራት፣ ከብቶቹን ከወንዙ ዳር ማራቅ። በወንዙ ዳር ሣርና ዛፍ መተውም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሣሩ የሚሠራው ውሃው ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ሲያልፍበት ነው። ውሃው አንድ ቦይ ውስጥ ተሰብስቦ ከመጣ ሣሩን ሰንጥቆት ያልፋል። ይህን በካርታ አታገኙትም። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ሄዳችሁ ውሃው የት የት እንደሚሰበሰብ እዩ። የአንድ ሰዓት መበስበስ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ምልክት፦ ውሃው ጠርቷል፣ ናይትሬቱ ግን ከፍ ብሏል

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለናይትሬት የተባለ ይመስለኛል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጎርፉ አልፎ፣ ወንዙ ጠርቶ፣ ሁሉም ሰው ተረጋግቶ እያለ ነው ቀስ ብሎ የሚወጣው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ናይትሬት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። የሸክላ አፈርም ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ አፈሩ አይዘውም፤ የሰረገ ውሃ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ጎርፉ ሙሉ በሆነበት ሰዓት የዝናብ ውሃ ስለሚያቀጥነው መጠኑ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በአፈር ውስጥ የሰረገው ውሃ ሲደርስ ከፍ ይላል። ከማሳው ሥር የውሃ ማንጣፈፊያ ቱቦ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል።

ከማሳ ነው ወይስ ከፍሳሽ? ይህን ለመለየት ናይትሬቱን ከፍሰቱ ጋር አነጻጽሩ። ወንዙ ሲያንስ ከፍ ብሎ ጎርፍ ሲመጣ የሚወርድ ከሆነ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ያለማቋረጥ የሚገባ ነገር አለ፦ የፍሳሽ ቱቦ ወይም የተበከለ ከርሰ ምድር ውሃ። ከዝናብ በኋላ የሚጨምር ከሆነ ወደ ማሳው ተመልከቱ።

ማዳበሪያ በሌለበት ቦታም ናይትሬት ሊጨምር ይችላል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ሃባርድ ብሩክ በተባለው የምርምር ደን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፎች በሙሉ ተቆረጡ። መልሶ እንዳይበቅል አረም ማጥፊያ ተረጨበት። ማዳበሪያ ግን ማንም አልጨመረም። ሆኖም የጅረቱ ናይትሬት በብዙ እጥፍ አድጎ ለመጠጥ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ወጣ። የአፈሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ወደ ናይትሬት መቀየራቸውን አላቆሙም፤ የሚጠጣው ሥር ግን የለም።

ስለዚህ መፍትሄው መሬቱ ሁልጊዜ የሚጠጣ ሥር እንዲኖረው ማድረግ ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሽፋን ሰብል ዝሩ። ማዳበሪያውን አንድ ጊዜ ከመድፋት ሰብሉ በሚፈልግበት ሰዓት ከፋፍላችሁ ስጡ። ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲል በፍጹም አትስጡ። ረግረጋማ ቦታ ካለ አታድርቁት፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። በኃይለኛ ጎርፍ ውሃው ሽው ብሎ ስለሚያልፍ ብዙ አይረዱም።

ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከርሰ ምድር ውስጥ ያለው ናይትሬት የዛሬ ስንት ዓመት ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ቀንሳችሁ ዘንድሮ ለውጥ ባታዩ አትገረሙ።

ውሃው የሚጠጣ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይወፍራል።

ምልክት፦ ኮንዳክቲቪቲው በድንገት ወረደ

ኮንዳክቲቪቲ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ነው፤ የሟሟ ጨው ሲበዛ ይጨምራል። መሣሪያው አልተበላሸም። የዝናብ ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ ማዕድን የያዘውን ከርሰ ምድር ውሃ አቀጠነው። ካልሲየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔትም አብረው ይወርዳሉ። ምንም አታድርጉ። ጎርፍ መጥቶ ኮንዳክቲቪቲው ከፍ ካለ ነው መደንገጥ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት ከተማ ይህ የተለመደ ነው። ጨው በማይበተንበት ቦታ ግን ፋብሪካ፣ ማዕድን ማውጫ ወይም ፍሳሽ ፈልጉ።

ምልክት፦ ውሃው እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ዓሣ ይሞታል

ይህ ድፍርስ አይደለም። በብርጭቆ ብትቀዱት ወዲያ ማዶ አሳልፎ ያሳያል፣ ቀለሙ ግን ጠቆር ያለ ነው። ጎርፉ ለዓመታት ውሃ ያልነካው ሜዳ ላይ ሲወጣ የተከማቸውን ቅጠል ይዘፈዝፈዋል። ከቅጠሉ የሚወጣውን ካርቦን ባክቴሪያዎች ሲበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ንጹህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ከ2 በታች ሲወርድ ብዙ ዓሣ አይተርፍም። በአውስትራሊያ፣ መሪ (Murray) በሚባለው ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 በዚህ ምክንያት ብዙ ዓሣ አልቋል።

ውሃው አንዴ ከጠቆረ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም። ንጹህ ውሃ ከግድብ መልቀቅ ከተቻለ ለዓሣው መሸሸጊያ ይሆናል። ዋናው ሥራ ቀድሞ ነው፦ ሜዳውን በቀዝቃዛው ወቅት በትንሽ በትንሹ ጎርፍ እንዲነካው መተው፣ ቅጠሉ እንዳይከመር። ኦክስጅን ስትለኩ ንጋት ላይ ለኩ፤ ዝቅተኛው ያኔ ነው። ቀለሙ ሳይጠቁር ኦክስጅኑ ከወደቀና መጥፎ ሽታ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፍሳሽ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል አሞኒያና ኢ ኮላይ (የዓይነ ምድር ባክቴሪያ) አስመርምሩ።

ምልክት፦ ድንጋዩ ብርቱካናማ ሆነ፣ ፒኤቹም ወረደ (ውሃው አሲዳማ ሆነ)

ላይኛው ተፋሰስ ውስጥ ማዕድን ማውጫ ወይም የማዕድን ቁልል ካለ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ፓይራይት (ብረትና ሰልፈር ያለበት ማዕድን) አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል፤ ብርቱካናማው የብረት ዝቃጭ ነው። ደረቅ ወራት የተከማቸውን አሲዳማ ጨው የመጀመሪያው ጎርፍ ጠርጎ ያመጣዋል። የኖራ ድንጋይ አሲዱን ይሰብራል፤ ግን ብረቱ ድንጋዩን ሲሸፍነው ሥራ ያቆማል፣ እየተከታተሉ መቀየር ያስፈልጋል። ቁልሉን ከአየርና ከዝናብ መሸፈን ይሻላል።

ምልክት፦ ቁጥሮቹ አይገጣጠሙም

በወር አንዴ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ናሙና የሚወስድ ሰው ጎርፉን አያገኘውም። ብዙው ጭነት (ወንዙ ተሸክሞ የሚያሳልፈው ጠቅላላ መጠን) የሚያልፈው ግን በእነዚያ ጥቂት ቀናት ነው። እስቲ እናስላ። ናይትሮጅኑ በሊትር 4 ሚሊ ግራም፣ ፍሰቱ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ይሁን፤ በቀን 346 ኪሎ ግራም ገደማ ያልፋል። ጎርፍ መጥቶ መጠኑ ወደ 2 ቢወርድና ፍሰቱ 20 ቢሆን በቀን 3,456 ኪሎ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ውሃው «ተሻሽሏል»፤ የታችኛው ሐይቅ ግን አሥር እጥፍ ተጭኖበታል። ስለዚህ ጎርፉ ሲወጣ፣ ሲሞላና ሲወርድ ናሙና ውሰዱ፤ ሁልጊዜም ፍሰቱን አብራችሁ ጻፉ። ለራሳችሁ ደህንነት ከድልድይ ላይ በገመድ ቅዱ እንጂ ወንዙ ውስጥ አትግቡ።

በመጨረሻ አሃዱን ፈትሹ። እኔ ራሴ ከአንድ ጠርሙስ የተከፈለ ናሙና ለሁለት ላብራቶሪ ልኬ አንዱ 8፣ ሌላው 35 ሲሉኝ አንዱ ተሳስቷል ብዬ ተጨቃጭቄያለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንዱ የጻፈው ናይትሬት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ሌላው ሙሉውን ናይትሬት። የመጀመሪያውን በ4.43 ስታበዙት ሁለተኛው ይመጣል።