የጉድጓዱ ውሃ ወረደ ወይስ አለካካችን ተሳሳተ?

የጉድጓድ ውሃ የሚለኩ ሰዎች ሲደውሉልኝ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ "ኧረ ውሃው እየጠፋ ነው!" እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ደብተሩ ነው። እዚያ ላይ የሚሰፍረው ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ውሃው ወርዷል ማለት ነው። (ገልብጦ አንብቦ የተደሰተ ሰው አውቃለሁ።)

ቁጥሩ በአንድ ሳምንት ዘለለ

አንድ የእጅ ጉድጓድ ላይ፣ መጋቢት ውስጥ፣ ቁጥሩ በድንገት 40 ሳንቲ ሜትር ጨመረ። የሚለካው ልጅ ሰኞ ሰኞ የማይቀር ጠንቃቃ ነው። ሄጄ አየሁት። ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ አፉ ላይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ተደርድሯል። የአንዱ ቁመት 20፣ የሁለቱ 40። ውሃው ንቅንቅ አላለም።

መፍትሄው ቀለም ነው። ከንፈሩ ላይ አንድ ቦታ ቀይ ምልክት አድርጉና ሁልጊዜ ከዚያ ለኩ። ምልክቱ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። አፉ ከተሠራ ወይም ከፈረሰ ቀኑንና አዲሱን ከፍታ መዝግቡ። የድሮውን ቁጥር ግን አትሰርዙ።

የጠዋቱና የማታው አይገጥምም

ሲቀዳ ስለዋለ ነው። የእጅ ጉድጓድ ጎህ ሲቀድ፣ ቀጂ ሳይመጣ ይለካ። ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ፓምፑን አጥፉና ቁጥሩ መለወጡን እስኪያቆም በየ10 ደቂቃው ለኩ። ማጥፋት ካልተቻለ አጠገቡ "ፓምፑ እየሠራ" ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱን ዓይነት ልኬት መቀላቀል ደብተሩን ገደል መክተት ነው።

መለኪያው ውሃ ሳይደርስ ይጮኻል

በገመድ የሚወርደውን፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮኸውን መለኪያ ማለቴ ነው። የጉድጓዱ ቧንቧ ግድግዳ እርጥብ ነው፣ ወይም ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። አውጡት፣ ጫፉን ጥረጉት፣ ሦስቴ ደጋግማችሁ ለኩ። ዘላቂው መላ ፓምፑ ሲወርድ ጎኑ ላይ ቀጭን የመለኪያ ቧንቧ አብሮ ማስገባት ነው። ያለዚያ ገመዱ ከፓምፑ ኬብል ጋር ተጠላልፎ እዚያው ሊቀር ይችላል።

ሎገሩ ከእጅ ልኬቱ ጋር ተጣላ

ሎገር ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ግፊቱን በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ ሎገሮች የሚመዘግቡት የውሃውንና የአየሩን ግፊት ደምረው ነው። 1 ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ250 ሄክቶፓስካል ገደማ ያንሳል። የባሕር ጠለሉን ግፊት ቀንሳችሁ ካሰላችሁ ውሃው ያለ ጥፋቱ 2.5 ሜትር የወረደ ይመስላል። ጉድጓዱ አጠገብ ሌላ ሎገር አየር ላይ ስቀሉና የሱን ንባብ ቀንሱ።

ሌላው ጣጣ ሰዓት ነው። ደብተሩ "ጠዋት 1 ሰዓት" ሲል ሎገሩ 7:00 ይላል። መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ የገለበጠ ደግሞ 10 ቀን ያህል ያዛንፋል። ደብተሩ ላይ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ።

ይህን ሁሉ አጣርተን አሁንም በየዓመቱ ይወርዳል

እንግዲህ አሁን ስለ ውሃው እናውራ። ግንቦትን ከግንቦት አወዳድሩ፤ ከመስከረም ጋር አይደለም። ክረምት በሚዘንብበት ደጋ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ በበጋ ይወርዳል። ጥልቁ ዘግይቶና ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው።

ጥልቀት የሌለው በየመስከረሙ እያገገመ ጥልቁ ብቻ ከወረደ፣ የሚሳበው ከሚተካው በልጧል ብላችሁ ጠርጥሩ። የጎረቤት ፓምፖች ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ጠይቁ፣ የራሳችሁንም ሰዓት ቀንሱ። የእጅ ጉድጓዱ ብቻ ከሆነ የወረደው፣ አካባቢው ላይ አዲስ የመስኖ ሞተር መተከሉን እዩ።

ውሃው ያለበት ቦታ ሳይወርድ ጉድጓዱ "ከደረቀ" ደግሞ በደለል ሞልቶ ይሆናል። ቆፋሪ ከመጥራታችሁ በፊት ሜትሩን እስከ ታች ልቀቁትና ሲቆፈር ከተመዘገበው ጥልቀት ጋር አስተያዩት።