በደች ቋንቋ «ኦም … ተ» ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኦም … ተ» በአማርኛ «ለመግዛት»፣ «ለመጻፍ» እንደምንለው ያለ አነጋገር ነው። ሆላንድ ውስጥ ደች የሚማር አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ስህተቶች በብዛት የሚሠራው ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ በኩል ሲያስበው ነው። በዚህ ጉዳይ አማርኛ ለደች ይቀርባል። የደች ቃላቱን እዚህ የጻፍናቸው እንደሚሰሙት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የቃላት ቅደም ተከተል ነው፦ «ኦም ተ ኮፐን ብሮት»። «ኦም» ሐረጉን ይከፍታል፤ «ተ» ግን ከግሱ ጋር መጨረሻ ላይ ትቆያለች፤ ዳቦው መሃል ይገባል። ትክክሉ «ኢክ ኻ ናር ደ ዊንከል ኦም ብሮት ተ ኮፐን» (ዳቦ ለመግዛት ሱቅ እሄዳለሁ) ነው። «ዳቦ ለመግዛት» ስንልም ዳቦው ይቀድማል፣ ግሱ ይከተላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመስተዋድድ ቦታ ነው። «የምጽፍበት እስክሪብቶ» ለማለት ብዙዎች «ኧን ፔን ኦም ተ ስኽሬይቨን ሜት» ይላሉ። እዚህ ሁለት ስህተት አለ። አንደኛ፣ መስተዋድዱ (እዚህ «ሜት»፣ ማለትም «በ» ወይም «ከ… ጋር») የሚቆመው ከ«ተ» ፊት ነው፦ «ኧን ስቱል ኦም ኦፕ ተ ዚተን» (የሚቀመጡበት ወንበር)። ሁለተኛ፣ «ሜት» ተከትሎት የሚመጣ ስም ሲያጣ «ሜ» ይሆናል። ስለዚህ «ኧን ፔን ኦም ሜ ተ ስኽሬይቨን» ይበሉ። «የምጽፍበት» ውስጥ ያለችው «በት» እስክሪብቶውን ዳግመኛ ሳትጠራ የምትሠራውን ሥራ እዚህ «ሜ» ይሠራዋል። አማርኛው «በት» በማይልበት ቦታ ግን ይጠንቀቁ። «የማወራው ሰው» ስንል መስተዋድድ አይሰማንም፤ «ኢማንት ኦም ተ ፕራተን» ብሎ «ሜ»ን መዝለል የሚመጣው ከዚህ ነው። ደች «ኢማንት ኦም ሜ ተ ፕራተን» ይላል።

«ኦፕቤለን» (መደወል) ዓይነት ተነጣይ ግስ (ለሁለት የሚከፈል ግስ) ሲመጣ «ተ» መሃሉ ትገባለች፤ ሲጻፍም ሦስት ቃል ነው፦ «ኦፕ ተ ቤለን»። «ተ ኦፕቤለን» አይባልም።

«ኢክ ዊል ተ ስላፐን» (መተኛት እፈልጋለሁ) ማለትም ስህተት ነው፤ ከ«ዊለን» (መፈለግ)፣ «ኩነን» (መቻል) እና «ሙተን» (መገደድ) በኋላ «ተ» የለም፤ «ኢክ ዊል ስላፐን» ይበቃል። «ሁፈን» ግን «ተ»ን አጥብቆ ይፈልጋል፦ «ኢክ ሁፍ ኒት ተ ዌርከን» (መሥራት የለብኝም፣ ግዴታዬ አይደለም)።

«ዞንደር» («ያለ»፣ «ሳይ…») ባለበት «ኦም» አይጨመርም፦ «ዞንደር ኢትስ ተ ዜኸን» (ምንም ሳይናገሩ)። ከ«ፕሮቤረን» (መሞከር) በኋላ «ኦም» ቢኖርም ባይኖርም ያስኬዳል፤ ዓላማ ሲገልጹ ግን አይተዉት።