የሃይማኖት አባቶችንና መምህራንን ወደ ክፍል መጋበዝ፦ ለሐዋሳ መምህራን የተዘጋጀ የአሠራር ምክር

በሐዋሳ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ተማሪዎች የሚያመልኩበት ቦታ አንድ አይደለም። አንዱ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፤ ሌላዋ በመካነ ኢየሱስ፣ በቃለ ሕይወት ወይም በሙሉ ወንጌል ትዘምራለች፤ ዓርብ ቀትር ላይ ወደ መስጊድ የሚሄድ፣ ቅዳሜን የሚያከብር አድቬንቲስት፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅም በዚያው ክፍል አለ። እነዚህ ልጆች ደብተር ይዋዋሳሉ፣ ኳስ አብረው ይጫወታሉ። ስለ ጓደኛቸው እምነት የሚያውቁት ግን በአብዛኛው ከሦስተኛ ወገን የሰሙትን ነው፤ የሚሰሙትም ብዙ ጊዜ ያልተጣራ፣ አንዳንዴም የሚያስቀይም ነው። እምነቱን የሚኖር ሰው ወደ ክፍል መጥቶ የልጆቹን ጥያቄ ራሱ ቢመልስ ይህን ክፍተት ይሞላል። በጥንቃቄ ካልተዘጋጁበት ግን ያው ጉብኝት የትምህርት ቤቱን ሰላም ሊያናጋ ስለሚችል፣ ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ከግብዣው ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ያተኩራል።

ሕጉ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን አስቀድሞ መለየት

እንግዳ ተናጋሪዎችን ወደ ክፍል መጋበዝ በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። በእንግሊዝ ለምሳሌ የሃይማኖት ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው የትምህርት ሕግ ግዴታ ሆኖ የተደነገገ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ወላጅም ከፈለገ ልጁን ከክፍለ ጊዜው የማስወጣት መብት አለው። የእኛ አገር ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 መሠረት ልጆችን በራሳቸው እምነት መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ የማሳደግ መብት የወላጆችና የሕጋዊ ሞግዚቶች ነው።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች የሚከተለው የሥራ መመሪያ ግልጽ ነው። ወደ ክፍል የሚጋበዝ እንግዳ እምነትን ለማስተማር ሳይሆን ስለ እምነቱ ለማስረዳት ይመጣል። እምነትን የማስተማሩ ሥራ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ መድረሳው፣ የቄስ ትምህርት ቤቱና የቤተ ክርስቲያኑ የልጆች አገልግሎት በየቦታቸው የሚሠሩት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የእነሱን ድርሻ መውሰድ አይገባውም። ስለዚህ ጉብኝቱ ራሱን ችሎ የሚቆም ዝግጅት መሆን የለበትም፤ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ካለ አንድ የተወሰነ ምዕራፍ ጋር መያያዝ አለበት። የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት ስለ መከባበርና ስለ ብዝኃነት የሚያነሷቸው ርዕሶች፣ ወይም የታሪክ ትምህርት ስለ አክሱም፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ስለ ክርስትና መግባትና የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ስላደረጉት ስደት የሚያስተምርበት ክፍል ምቹ መነሻ ይሆናሉ። መምህሩ በሳምንታዊ ዕቅዱ ላይ ምዕራፉን፣ ዓላማውንና የእንግዳውን ድርሻ ጽፎ ለርዕሰ መምህሩ ያቅርብ፤ ርዕሰ መምህሩም ለክፍለ ከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቆ ፈቃድ ያግኝ። በሃይማኖት ተቋማት የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶችም የሌላ እምነት ተማሪዎችን ስለሚቀበሉ፣ ይህ ምክር እነሱንም ይመለከታል።

ማን ይጋበዝ

የመጀመሪያው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የወሰነ ትምህርቱ ሙሉ መርሐ ግብር መውጣት አለበት። ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚመጣ ተጽፎ በመምህራን ክፍል ከተለጠፈ፣ «የእነሱ መጡ፣ የእኛስ?» የሚለው ቅሬታ ከመነሻው ይቀራል። በአንዱ ተጀምሮ በአንዱ የሚቀር ግብዣ ከነጭራሹ ባይጀመር ይሻላል።

ግብዣው የሚላከው ለግለሰብ ሳይሆን ለተቋሙ ነው። ደብዳቤው ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለደብሩ አስተዳደር፣ ለእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት፣ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት፣ ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ይጻፍና እነሱ ሰው ይወክሉ። በመምህሩ ዝምድና ወይም የጸሎት ወዳጅነት የተመረጠ እንግዳ፣ ምንም መልካም ሰው ቢሆን፣ ነገ ጥያቄ ሲነሣ የሚቆምለት ተቋም አይኖረውም። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን እንደ አንድ መቁጠርም ስሕተት ነው። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ደግሞ የሚያጠምቁት አምኖ የመሰከረን ሰው ነው። አንድ ፓስተር ሁሉንም ወክሎ ቢናገር ከክፍሉ ተማሪዎች ገሚሱ ራሱን በንግግሩ ውስጥ አያገኝም። በሲዳማ ባህልም ፍቼ ጫምባላላን የሚያውቁ፣ የዘመን መለወጫውን ቀን ከከዋክብትና ከጨረቃ የሚቆጥሩትን አያንቶዎች አሠራር ማስረዳት የሚችሉ አረጋውያን አሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ስለ ተመዘገበ፣ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ለአንድ አረጋዊ ቦታ መስጠት ተገቢ ነው እላለሁ።

ተቋሙ ሰው ሲወክል ትልቅ ማዕረግ ያለውን አባት ለመላክ ማሰቡ አይቀርም። በአክብሮት መጠየቅ ያለበት ግን ከልጆች ጋር መነጋገር የለመደ ሰው ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ የመድረሳ ኡስታዝ ወይም የወጣቶች አገልጋይ የሆነ ወንጌላዊ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሚገባው ቋንቋ ይናገራል። እንግዳው በሲዳምኛ መናገር የሚመርጥ ከሆነ አስተርጓሚ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ አንዳንድ ልጆች እየሳቁ ሌሎቹ ምን እንደ ተባለ የሚጠይቁበት ክፍል ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄዎቹን ከተማሪዎች መሰብሰብ

የጉብኝቱ ውጤት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አርባ ደቂቃ ባለው ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንግዳው ንግግር ካደረገ ስብከት ይሆናል፤ ስብከት የለመደ ሰው ሌላ ነገር እንዲያደርግ መጠበቅም አይገባም። ጥያቄ ከቀረበለት ግን ያው ሰው ያስረዳል። ስለዚህ ከጉብኝቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ ማወቅ የሚፈልገውን ይጻፍ፤ መምህሩም ሰብስቦ ይመድብ።

መጀመሪያ የሚመጡት ጥያቄዎች ሻካራ ቢሆኑ መደንገጥ አያስፈልግም። «እነዚህ ሰዎች ማርያምን ለምን አይወዱም?» ወይም «እነሱ ለምን ሥዕል ያመልካሉ?» የሚል ወረቀት ልጁ ሰፈር የሰማውን ይዞ መምጣቱን ያሳያል። ወረቀቱን ቀድዶ ከመጣል ይልቅ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ማስተካከል ራሱ ትምህርት ነው፤ የመጀመሪያው «በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቅድስት ማርያም ምን ትማራላችሁ?»፣ ሁለተኛው «ቅዱሳት ሥዕላት በጸሎታችሁ ምን ቦታ አላቸው?» ይሆናል። ክስ የነበረው ጥያቄ ሲሆን እንግዳው ራሱን መከላከል ሳያስፈልገው ይመልሳል። የተሻሉት ጥያቄዎች ግን የዕለት ኑሮን የሚመለከቱት ናቸው። የሚጾም ልጅ የስፖርት ክፍለ ጊዜን እንዴት ይወጣዋል? ሙስሊሞች አስከሬን ፈጥነው የሚቀብሩት ለምንድን ነው? ዐቢይ ጾም ለምን 55 ቀን ሆነ? ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ የሚመጣው ለምንድን ነው? አድቬንቲስት ተማሪ ፈተና ቅዳሜ ቢውል ምን ያደርጋል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ጓደኛን ለመረዳት ያገለግላል፤ መልሱም ክርክር አይጋብዝም።

ከተሰበሰቡት ውስጥ አሥር ያህሉ ተመርጠው ለእንግዳው ቀደም ብለው ይላኩ። ሃይማኖት ስለ መቀየር፣ በተለያየ እምነት መካከል ስለሚደረግ ጋብቻና ስለ ቀደሙ ግጭቶች የሚነሡ ጥያቄዎች ለዚህ መድረክ አይሆኑም፤ መምህሩ ምክንያቱን ለተማሪዎቹ በግልጽ ነግሮ ያቆያቸው።

ከእንግዳው ጋር መስማማት

መምህሩ ከእንግዳው ጋር በአካል ወይም በስልክ ይነጋገር፤ ስምምነቱ ደግሞ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለእንግዳው ይሰጠው። የገጹ ፍሬ ነገር አጭር ነው። እንግዳው ስለ ራሱ እምነት ብቻ ይናገራል፣ የሌላውን እምነት ስም አያነሣም፤ «በእኛ እምነት እንዲህ ነው» እያለ ያስረዳል፤ በክፍል ውስጥ ጸሎት አይመራም፣ እጅ አያስነሣም፣ ንስሐ እንዲገቡ አይጠራም፤ በራሪ ወረቀት፣ መዝሙር፣ መንዙማ ወይም መጽሐፍ አያድልም፤ ገንዘብ አይሰበስብም። የአበል ክፍያም ሆነ ስጦታ ከሁለቱም ወገን ባይኖር ይመረጣል፤ የባጃጅ ወጪ መሸፈን ግን ነውር የለውም። ይህ ገጽ ለሁሉም እንግዳ ቃል በቃል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አባቶች ገደብ ሲነገራቸው ይቀየማሉ ብሎ መፍራት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ለሌሎቹም የተሰጠው ይኸው ገጽ መሆኑ ከተነገራቸው ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ፤ የራሳቸውን ልጆችም የሚጠብቅ ነውና።

ጉብኝቱ የሚካሄደው በክፍል ውስጥ እንጂ በሰልፍ ሜዳ ላይ አይደለም። የተለያዩ እምነት ተወካዮችን በአንድ መድረክ ሰብስቦ ሙሉ ትምህርት ቤቱን መጥራት ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ሆኖም በብዙ መቶ ልጆች ፊት በሚኒ ሚዲያው ማይክራፎን የሚናገር ሰው ሰባኪ ይሆናል፣ ጭብጨባውም የደጋፊ ቆጠራ ይሆናል። አንድ እንግዳ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ቀኑና መስተንግዶው

ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ የሙስሊም እንግዳ አይጠራበትም። ካህናት በሰሙነ ሕማማትና ታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ገብርኤል በዓል በሚከበርበት ሰሞን ጊዜ የላቸውም። ሻይ ቡና ሲታሰብ ሥጋ ያለበት ምግብ ፈጽሞ አይቅረብ፤ የማን ዕርድ ነው የሚለው ጥያቄ በአገራችን የታወቀ ነው። ቆሎ፣ ዳቦና ሙዝ ለሁሉም ይሆናሉ። በጾም ቀናት ወተት፣ በረመዳን ደግሞ ምንም አይቀርብም፤ አድቬንቲስት እንግዳ ቡና ላይጠጡ ስለሚችሉ ውኃ ወይም ጭማቂ ይዘጋጅ።

ካህን ሲገቡ አንዳንድ ልጆች መስቀል ለመሳለም መነሣታቸው አይቀርም። ይህን መከልከል ልጆቹን ያሳዝናል፣ በክፍል ውስጥ መፍቀድ ደግሞ ያልተነሡትን ለይቶ ያሳያል። መፍትሔው ካህኑን አስቀድሞ በማነጋገር የሚፈልጉ ልጆች ከክፍለ ጊዜው በኋላ ውጭ እንዲሳለሙ ማድረግ ነው። ለሙስሊም እንግዳም ሴት መምህርት እጅ ከመዘርጋቷ በፊት በቃል ሰላምታ መጀመሯ ሁለቱንም ከመሸማቀቅ ያድናል። የክፍሉ መምህር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከክፍሉ አይውጣ፤ እንግዳ ማንም ይሁን ማን ከተማሪዎች ጋር ብቻውን አይተው። የተማሪዎች ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሣ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክም አይለቀቅ።

ለወላጅ የሚላከው ደብዳቤ

በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ከተያዘ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ የሚከተለውን የመሰለ ደብዳቤ ይላክ፦

«የተከበሩ የተማሪ ወላጅ፦ በዜግነት ትምህርት ስለ ብዝኃነት ከሚሰጠው ምዕራፍ ጋር በተያያዘ በዚህ ወሰነ ትምህርት የተለያዩ እምነቶች ተወካዮች ወደ ክፍላችን መጥተው የተማሪዎችን ጥያቄ ይመልሳሉ። የእንግዶቹ ሙሉ መርሐ ግብርና የተስማማንበት የሥነ ምግባር ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ክፍለ ጊዜው ስብከትም ሆነ የአምልኮ ሥርዓት የለበትም። ልጅዎ እንዳይገኝ ከፈለጉ ከታች ፈርመው ይመልሱልን፤ ምክንያት እንዲሰጡ አንጠይቅም።»

ያልተፈቀደላቸው ልጆች በቤተ መጻሕፍት ከዚያው ምዕራፍ የተወሰደ ሥራ ይሰጣቸው፤ በግቢ ሲንከራተቱ መታየትም ሆነ በጓደኞቻቸው መጠየቅ የለባቸውም።

ስምምነቱ ቢጣስና ከጉብኝቱ በኋላ

እንግዳው በመሐል ወደ ስብከት ቢሻገር ወይም ሌላውን እምነት ቢነካ፣ መምህሩ ተነሥቶ «አባታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጆቹ የጠየቋቸው ጥያቄዎች ገና አላለቁም» ብሎ ቀጣዩን ጥያቄ ያንብብ። ለሼህም ለፓስተርም እንደየአጠራራቸው ይኸው ይሠራል። አክብሮቱ ሳይጓደል መስመሩ ይመለሳል። ሁለተኛ ጊዜ ከደገመ ክፍለ ጊዜው በምስጋና ይዘጋ። በተማሪዎች ፊት እንግዳን መገሠጽ አይገባም፤ የተነገረው ስሕተት ግን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በመምህሩ መታረም አለበት፤ ለላከው ተቋምም ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያሳውቅ። በዚያ ምክንያት የሌሎቹ መርሐ ግብር አይሰረዝ።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ከዚህ በፊት ተሳስተው ያውቁት የነበረውንና አሁንም ግልጽ ያልሆነላቸውን። ይህ ጽሑፍ ለማርክ አይታረም፤ የትኛው እምነት እንደሚሻል የሚያወዳድር ሥራም አይሰጥ። ግልጽ ያልሆኑት ነጥቦች ተሰብስበው ከምስጋና ደብዳቤው ጋር ለእንግዳው ይላኩ፤ የጽሑፍ መልስ ሲመጣም ለክፍሉ ይነበብ። ደብዳቤዎቹ፣ የጥያቄ ወረቀቶቹና ቃለ ጉባኤው በአንድ ፋይል ተይዘው በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ይቀመጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን የሚረከበው መምህር ከዚያ ይጀምራል።