ዕቃ ልትገዙ ቻይና ከሄዳችሁ አይቀር፣ ሁለት ቀን ለሉዮያንግ

ከጅማ ቻይና የሚሄደው ነጋዴ አብዛኛው ጓንዡ ገብቶ፣ ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል። እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ የጥንቷን መናገሻ ከተማ ሉዮያንግን እስካይ ድረስ።

ቪዛውን አዲስ አበባ ጨርሱ። ከጓንዡ ያለው የባቡር መንገድ ረጅም ስለሆነ በቤጂንግ ብትገቡ ይሻላል፤ ከዚያ ፈጣኑ ባቡር 4 ሰዓት ገደማ ነው። ውረዱ የምላችሁ «ሉዮያንግ ሎንግመን» ጣቢያ ነው፣ የቡድሃ ሐውልቶች ለተፈለፈሉባቸው የሎንግመን ዋሻዎች የሚቀርበው እሱ ነው። ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ። አሊፔይ ወይም ዊቻት ደግሞ ከአገር ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ እዚያ ሻይ ቤቱም ሱቁም በስልክ ነው የሚከፈለው።

ሎንግመን ጠዋት ሂዱ። ትልልቆቹ ሐውልቶች ከዪ ወንዝ በስተምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ስለተፈለፈሉ ፊታቸው ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ከሰዓት ከደረሳችሁ ጥላ ውጦት ታገኙታላችሁ። ሥራው የተጀመረው ሰሜን ዌይ የሚባለው የጥንት ሥርወ መንግሥት ነገሥታት መናገሻቸውን ወደዚህ ባዛወሩበት በ493 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ከ100,000 በላይ ምስል አለ፣ አንዳንዱ ከአውራ ጣት ያነሰ። ትልቁ ቡድሃ 17 ሜትር ይሆናል፣ በ675 ነው ያለቀው፤ ንግሥት ዉ ዜትየን ለሱ ከመኳኳያ ገንዘቧ 20,000 እስር ሳንቲም ሰጥታለች። ከሥሩ ቆማችሁ ብቻ እንዳትመለሱ! ድልድዩን ተሻግራችሁ ከወንዙ ማዶ እዩት፣ ሙሉ ግርማው የሚታየው ከዚያ ነው።

አንገታቸው የተቆረጠ ብዙ ታያላችሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እየተጠረቡ ተሸጠዋል፤ ከቢንያንግ ዋሻ የተነሳው የንጉሡንና የንግሥቲቱን አጀብ የሚያሳየው የድንጋይ ቅርጽ ዛሬ አንዱ ኒውዮርክ፣ አንዱ ካንሳስ ሲቲ ሙዚየም ነው። የመቅደላን ነገር ለሚያውቅ ሰው አንጀት ይበላል።

በማግስቱ ከከተማው ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ያለውን የነጭ ፈረስ ቤተ መቅደስ እዩ። በ68 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ ይባላል፤ ስሙም ከሕንድ በኩል የቡድሃ እምነት መጻሕፍትን ተሸክሞ ከመጣው ፈረስ ነው። መነኮሳት የሚኖሩበት ስለሆነ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

ሚያዝያ ላይ የፒዮኒ አበባው ያምራል፣ ግን ሰው እንደ ጉድ ነው። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው የበዓል ሳምንትማ ጭራሽ አትሞክሩት።

ሐላል የሚበላ «ቺንግዠን» ብሎ ይጠይቅ፣ የሙስሊም ምግብ ቤት አይጠፋም። ጠዋት የከተማው ሰው የሚጠጣው የበሬ ሥጋ ሾርባ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ግን የጅማ ሰው በሾርባ ብቻ አይነቃም። የተፈጨ ቡናችሁን ከቤት ያዙ፤ ውሃ ማፍያው ሆቴሉ ውስጥ አለ።